ሲሮጡ የታጠቁት

የፓሪስ ኦሎምፒክ የ3,000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ በተካሄደበት ማታ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024፣ በሰፈራችን ባለች አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ከሠላሳ የማናንስ ሰዎች በአንዲት ቴሌቪዥን ፊት ተፋፍገን ቆመን ነበር። መቸም ኦሎምፒክ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ አሠልጣኝ ነው። እኔም ያው ነኝ። የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ፤ ለሜቻ ግርማ ከፊተኞቹ ጋር ነው፤ ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። ወዲያው እግሩ መሰናክሉን ነካና ወደቀ። አወዳደቁ ተነሥተው አቧራቸውን የሚያራግፉለት ዓይነት አልነበረም። ጭንቅላቱ መሬቱን መታው፤ በቃሬዛ ይዘውት ወጡ። አንዲት ሴትዮ "እመብርሃን ድረሽለት" ስትል ተሰማች። ሌላው ሁሉ ጸጥ።

ጸጥታው አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ከኋላዬ የቆመ ጎልማሳ የቢራ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈ "ድሮስ! ወኔ የለውማ። ዘላለሙን ሁለተኛ!" አለ። የሳቀ የለም፤ የተቃወመም የለም። ሁለት ሦስት ሰዎች በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው በዚያ ዝምታዬ ስላፈርኩ ነው።

እስቲ "ወኔ የለውም" የተባለው ሰው ማን እንደሆነ እንይ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የምጽፈው የስፖርቱ መዝገብ በዚያ ስለሚያዝ ነው።) በ2019 በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ በኬንያዊው ኮንሰስለስ ኪፕሩቶ የተቀደመው በአንድ መቶኛ ሰኮንድ ነው። አንድ ጊዜ ዓይንን ጨፍኖ መግለጥ ከዚያ ይረዝማል። በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ በ2022 በዩጂን፣ በ2023 በቡዳፔስት፣ ሦስቱንም ጊዜ ከሞሮኮው ሱፍያን ኤል ባካሊ ቀጥሎ ብር አገኘ። በዚሁ በ2023፣ በጁን ወር፣ እዚያው ፓሪስ ላይ 7 ደቂቃ ከ52 ሰኮንድ ከ11 ሮጦ ከ2004 ጀምሮ ማንም ያልደፈረውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። እንግዲህ የቡና ቤቱ ፈላስፋ ይንገረኝ፦ ወኔው በጁን መጥቶ በኦገስት የት ሄደ? በአንድ መቶኛ ሰኮንድ ውስጥስ ወኔ የምትባለዋ ነገር የትኛው ጥግ ላይ ትቀመጣለች?

ጠቡ ከቃሉ ጋር ነው። "ወኔ" የሚለው ቃል በአገራችን ስፖርት ውስጥ ነገር አያስረዳም፤ ነገር ይዘጋል። ሯጩ ሲያሸንፍ "በወኔ አሸነፈ" እንላለን፤ ሲሸነፍ "ወኔ አነሰው" እንላለን፤ በሁለቱም ጊዜ ምን እንደሆነ አላወቅንም። ሳንባው ቢደክም ሐኪም እንጠራለን፤ ጅማቱ ቢዞር ወጌሻ እንጠራለን፤ ልቡ ቢርድ ግን ስድብ እንጠራለታለን። የሰውን ልጅ ሁለመና ስናሠለጥን ከርመን ጭንቅላቱ ላይ ስንደርስ "ይህ እንኳ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የሚመጣው ነው" ብለን እንተወዋለን።

ከሳሽ ብቻ መስዬ እንዳልቀርብ የራሴን ልናዘዝ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከዝግጅት ክፍል ዝግጅት ክፍል ስዞር፣ ለአንድ ጋዜጣ የስፖርት ዓምድ ስለ አንዲት ወጣት ሯጭ ጽፌ ነበር። መሪ ሆና ቆይታ በመጨረሻው ዙር አራት ሰዎች አለፏት። እኔም "ወኔ በጎደለው አጨራረስ" ብዬ ጻፍኩ። ልጅቱን አላነጋገርኳትም። ስታዲየሙም አልነበርኩም፤ ውጤቱን የነገረኝ ሌላ ሰው ነው። አዘጋጁ ሐረጉን ወደዳትና ርዕስ አደረጋት። ያቺ ልጅ ጋዜጣውን አይታው ይሆን? የእናቷ ጎረቤት ግን እንደሚያየው እርግጠኛ ነኝ።

ሌላው ጉዳይ የቤቴ ነው። ታናሽ ወንድሜ የ5,000 ሜትር ሯጭ ነበር። ደብረ ብርሃን ነው ያደግነው፤ ውርጩ ጆሮ በሚቆርጥበት ማለዳ ተነሥቶ ሲሮጥ እኔ ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ "እብድ" እለው ነበር። በ17 ዓመቱ አዲስ አበባ ያለ አንድ ክለብ ወሰደው። በአንድ ክፍል ስምንት ሆነው ይተኛሉ፤ የሚከፈለው ጥቂት ነው፤ ከጥቂቷም ለእናታችን ይልካል። ሁለተኛ ዓመቱ ላይ በአንድ ትልቅ ውድድር፣ አራት ዙር ሲቀረው፣ ከመሪዎቹ ጋር ተጠጋግቶ ሲሮጥ ከፊቱ ያለው ልጅ እግር እግሩን ጠለፈውና ወደቀ። ተነሥቶ ጨረሰ። ጉልበቱ ከመላጡ በቀር ጉዳት አልደረሰበትም። ወጌሻው አየው፤ "ደህና ነህ" አለው።

ደህና አልነበረም። ከዚያ በኋላ ውድድር ሲደርስ ማታውን ያስመልሰው ጀመር። ልምምድ ላይ ማንንም ይቀድማል፤ ውድድር ላይ ሰው ሲከበው ዓይኑን ከፊተኛው እግር ላይ መንቀል ያቅተዋል። ሩጫ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሯጭ እግሩን አያስብም፤ እግር የሚሠራው ሳይታሰብ ነው። ደረጃ ስንወርድ አንድ ጊዜ "ቀጥሎ የትኛውን እግሬን ነው የማነሣው?" ብለን ብናስብ እንደምንደናቀፈው ማለት ነው። ወንድሜ ፍርሃቱ እግሩን እንዲያስብ አደረገው። ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ ትንፋሹ ያጥራል፤ ጉልበቱ ሦስት ሺሕ ሜትር ሳይሞላ ያልቃል። አሠልጣኙ ሦስት ውድድር ታገሠና አራተኛው ላይ በጓደኞቹ ፊት "ወኔ የለህም፤ ሻንጣህን ያዝ" አለው።

ሻንጣውን ይዞ መጣ። አጎታችን ቡና ሊጠጣ ብቅ ብሎ፣ ልጁ እዚያው ተቀምጦ እያለ፣ "ፈሪ ለናቱ" አለና ሳቀ። እኔ ታላቁ፣ የተማርኩት፣ ጻፊው፣ ምን አልኩት? "ወንድ ሁን" አልኩት። ስምንት ዓመት ሆነው።

"ታዲያ የሥነ ልቡና ባለሙያ ቢኖር ይድን ነበር?" የሚለኝ አይጠፋም። አልምልም። የሰው ልብ የመኪና ሞተር አይደለም። ግን የሚሠራው ሥራ ድብቅ አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። ትንፋሹን በቁጥር እንዲያረዝም ያስተምሩታል፤ መጀመሪያ ከሁለት ሰው፣ ኋላ ከአምስት፣ ኋላ ከዐሥር ጋር ተጠጋግቶ እንዲሮጥ እያደረጉ ሰውነቱን መልሰው ያለማምዱታል፤ ዓይኑን ከእግር አንሥቶ የሚያሳርፍበት ቦታ ይሰጡታል፤ ከፊቱ ያለው ሯጭ ትከሻ ላይ፣ በል። ከሁሉ በፊት ግን "ሌሊት የሚያስመልስህ መቼ ጀመረህ?" ብለው ይጠይቁታል። ለመጠየቅማ ዲግሪም አያስፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ። "ሥነ ልቡና የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ የኛ ሰው ወኔውን ይዞ ነው የሚወለደው" የሚሉ አሉ። አብሮ የሚወለድ ከሆነ "ወኔ ቀስቃሽ" የሚባል ነገር ለምን አስፈለገን? ቃላችን ራሱ ይመሰክርብናል፤ የሚቀሰቀስ ነገር የተኛ ነገር ነው፤ የሚቀሰቅሰውም ሰው አለ ማለት ነው። አባቶቻችን ሲዘምቱ ወኔን ለዕድል ትተውት አልሄዱም። አዝማሪ ይዘው ሄዱ። ቀረርቶ ነበረ፤ ሽለላ ነበረ። ፎካሪው የአባት የአያቱን ሙያ እየቆጠረ፣ የፈረሱን ስም እየጠራ፣ ትናንት የሠራውን በሰው ፊት ይዘረዝር ነበር። የንስሐ አባትም አብሮ ይዘምታል፤ ሰው የኅሊና ሸክሙን አራግፎ እንዲሰለፍ። ዛሬ ባለሙያው ሯጩን "ከዚህ በፊት በድል የጨረስከውን ውድድር በዓይነ ልቡናህ መልሰህ እየው፤ ለራስህም ንገረው" ሲለው ከፎካሪው በጣም የራቀ ነገር አላዘዘውም። እኛ ግን የአባቶቻችንን ስም ይዘን ሥራቸውን ጣልነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ አበበ ቢቂላን ምስክር አድርገው ሲጠሩት ነው። "አበበ የሥነ ልቡና ባለሙያ ነበረው ወይ?" ይላሉ። እስቲ ሮምን እናስታውስ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፣ ምሽት ላይ ነው። ባዶ እግሩን ነው። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። ከውድድሩ በፊት መንገዱን አይተውታል። ወደ መድረሻው፣ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት፣ ሲቃረቡ የሙሶሊኒ ሰዎች ከአገራችን ዘርፈው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ቆሟል። (ሐውልቱ አገሩ የገባው በ2005 ነው፤ ዳግመኛ የተተከለው በ2008።) እንደሚተረከው አበበ ተነጥሎ የሚወጣው እዚያ ሲደርስ እንዲሆን አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። በጨለማው፣ በችቦ ብርሃን፣ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲሮጡ ቆዩ፤ መጨረሻው ሲቃረብ አበበ ተፈተለከ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ገባ፤ ራዲ 25 ሰኮንድ ዘግይቶ ደረሰ።

ይህን ታሪክ ስንሰማ እናለቅሳለን፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ምን እንደሆነ በደንብ እንየው። ሰውነት ሁሉ "በቃህ" በሚልበት ሰዓት የሚታይ ምልክት አስቀድሞ መምረጥ፣ ምልክቱን ትርጉም ካለው ነገር ጋር ማሰር፣ እዚያ እስኪደርሱ ጉልበትን መቆጠብ፣ ሲደርሱ ሳያመነቱ የተወሰነውን ማድረግ። በዓለም የስፖርት ሥነ ልቡና መማሪያዎች ውስጥ ያለው ትምህርት ይኸው አይደለም ወይ? ወኔ የምንለው ያ ቅጽበት በልምምድና በዕቅድ የተሠራ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። አበበ ቆሞ ነው የታጠቀው።

የዚሁ ሰው ታሪክ ኋለኛው ክፍል ደግሞ ብዙም አይወራም። በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ያ ሆስፒታል ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም ከ1948 ጀምሮ ስፖርትን ለሽባዎች መድኃኒት ያደረገበት፣ የፓራሊምፒክ ውድድር የተወለደበት ነው። ጉትማን የሚያክመው አከርካሪን ብቻ አልነበረም፤ "ከእንግዲህ ለምንም አልረባም" የሚለውን ሐሳብም ጭምር ነበር። አበበ እዚያ ቀስት አነሣ፤ በ1970 ተወዳደረ። የወኔ ምሳሌ አድርገን የምንጠራው ሰው በክፉ ቀኑ የደረሰበት ቦታ የሰው መንፈስ እንደ አካሉ የሚታከምበት ቦታ ነበር። ይህንን ትተን ባዶ እግሩን ብቻ ይዘን ቀረን።

ነገሩ ጥንታዊ መሆኑንም ልጨምር። አሜሪካዊው ኖርማን ትሪፕሌት ብስክሌተኛ ብቻውን ሲነዳና ከሌላ ጋር ሲነዳ ለምን ፍጥነቱ ይለያያል ብሎ ጥናቱን ያሳተመው በ1898 ነው፤ ከዐድዋ ሁለት ዓመት በኋላ። ኮልማን ግሪፊዝ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ የከፈተው በ1925 ነው። ይኸው ሰው በ1938 በአንድ የቺካጎ ቤዝቦል ቡድን ተቀጥሮ ነበር፤ የቡድኑ አሠልጣኝ ግን አልወደደውም። አሠልጣኝ እንኳ በየአገሩ አንድ ነው ጎበዝ! የዓለም የስፖርት ሥነ ልቡና ማኅበር የተመሠረተው ደግሞ በ1965 በሮም ነው፤ አበበ በሮጠባት ከተማ፣ ከሮጠ ከአምስት ዓመት በኋላ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይደባለቅብኝ። ሥነ ልቡና ስል በውድድር ዋዜማ አዳራሽ ተከራይቶ ማይክራፎን ጨብጦ "ትችላላችሁ! ትችላላችሁ!" እያለ የሚያስጨበጭበውን ሰው ማለቴ አይደለም። ያ ሰው በዝቶብናል። ማነሣሣት ብቻውን መድኃኒት አይደለም፤ አንዳንዴም መርዝ ነው። የርክስና ዶድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1908 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ ያዩት ነገር ዛሬም ይጠቀሳል፤ መነሣሣት እስከ አንድ ልክ ይጠቅማል፤ ሥራው ጥንቃቄ የሚጠይቅ ከሆነ ከልክ ሲያልፍ ያበላሻል። ደሙ የፈላ ተኳሽ ዒላማ ይስታል። 10,000 ሜትር 25 ዙር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ አራቱ የትዕግሥት ነው። ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር በ1972 በሙኒክ የ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ የ5,000ው ውድድር አመለጠው፤ በ1976 አገራችን ከሞንትሪያል ቀረች። ስምንት ዓመት ጠብቆ በ1980 በሞስኮ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። እንዴት? ሌሎቹ ሲንጫጩ ዝም ብሎ ተከትሎ፣ የመጨረሻው 300 ሜትር ላይ ማርሹን ቀይሮ። ለዚያ ሰው ሩጫው ሲጀመር ወኔውን ብትቀሰቅሰው ኖሮ ታጠፋው ነበር።

ቀነኒሳ በቀለን የሚጠቅሱም አሉ፤ በዚህ ላይ ጠበቅ ብዬ ልቁም። በጃኑዋሪ 2005 እጮኛው፣ በ2003 በ1,500 ሜትር የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮን የነበረችው ሯጭ፣ አብረው ልምምድ ላይ ሳሉ ወድቃ ሞተች። በማርች ወር ፈረንሳይ አገር ሴንት ጋልሚዬ ላይ በአገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ። በኦገስት በሄልሲንኪ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ወር በብራስልስ በ26 ደቂቃ ከ17 ሰኮንድ ከ53 ክብረ ወሰን አሻሻለ። "ይኸው ወኔ! ማንም አላከመውም" ይላሉ። ከሐዘኑና ከድሉ መካከል ያለውን ግን ይዘልሉታል። ከሞቷ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ቦስተን ላይ በቤት ውስጥ ውድድር፣ ቀነኒሳ ዙር ቆጠራ ተሳሳተ። አንድ ዙር እየቀረው የጨረሰ መስሎት ፈትለክ ብሎ ወጣ፤ ተሸነፈም። ይህ ሰው ዙር መቁጠር የማያውቅ ሰው ነው? ሐዘን ጉልበት አይወስድም፤ ሐሳብ ይወስዳል። ያ የተሳሳተ ዙር ለኔ ከሁለቱ የማርች ድሎች የበለጠ ትምህርት አለው። ደግሞስ አንድ ቀነኒሳ ሐዘኑን ይዞ ስለሮጠ፣ ሐዘኑን ይዞ መሮጥ ያቃተው ሁሉ ፈሪ ነው ማለት ነው? በሺሕ ዓመት አንድ ጊዜ የሚወለድን ሰው መለኪያ አድርጎ ሌላውን ሁሉ መጣል ሥልጠና አይባልም።

ሐሳብ ጉልበትን እንዴት እንደሚበላ የታየበት አንድ ጥናት አለ። በዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ሳሙኤል ማርኮራና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት፣ 16 ሰዎች አንድ ቀን 90 ደቂቃ አእምሮን የሚያደክም የኮምፒዩተር ሥራ ሠርተው፣ ሌላ ቀን ፊልም ተመልክተው፣ ሁለቱንም ቀን እስኪደክማቸው ብስክሌት እንዲነዱ ተደረገ። ፊልም ባዩበት ቀን በአማካይ 754 ሰኮንድ ነዱ፤ አእምሯቸው በደከመበት ቀን 640። ልባቸውና ጡንቻቸው ላይ ልዩነቱን የሚያስረዳ ነገር አልተገኘም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ያው ጭነት ከበዳቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የኛን ሯጭ ዋዜማ አስበው። ስልኩ ይጮኻል። የአጎት ልጅ ቤት ኪራይ ጨምረውበታል፤ ጎረቤት ለልጁ ሠርግ ይፈልጋል፤ ወኪሉ ስለ ውል ይጠይቃል፤ ቪዛው አልደረሰም፤ ስሙ ከቡድኑ ዝርዝር ይግባ አይግባ እርግጠኛ አይደለም። ይህ የዘጠና ደቂቃ ሥራ አይደለም፤ የዓመት ነው። ከዚህም የከበደ ነበረ። በጁላይ 2022 ለተሰንበት ግደይ በ10,000 ሜትር፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴ በማራቶን፣ ዩጂን ላይ ለአገራችን ወርቅ ሲያመጡ፣ በትውልድ አገራቸው በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ስልክ ከተቆረጠ ከርሞ ነበር። ልጅቱ ወርቅ አጥልቃ እናቷን ደውላ "እልል በይ" የማትልበት ጊዜ ነበር። አሸነፉ፤ ስላሸነፉም ነገሩ በእልልታ ተሸፈነ። ቢሸነፉ ኖሮ ምን እንደምንል ሁላችንም እናውቃለን።

"ጸሎት አለን፤ ጸበል አለን፤ ዱዓ አለን" ለሚሉኝ ክፉ መልስ የለኝም። መነሻው መስመር ላይ የሚያማትበውን ልጅ ሳይ እኔም ልቤ ይረጋል፤ የእሱም ትንፋሽ እንደሚረጋ አልጠራጠርም። ነገር ግን ጸሎት የሚያውቅ ሰው እግሩ ሲወልቅ ወጌሻ ዘንድ አልሄድም አይልም። ስለ ገንዘብም "የት እናምጣ?" ይባላል። ለእግር የሚሆን ወጌሻ ሳናጣ፣ በየቡድኑ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳውን ታቅፎ ሲቀመጥ እያየን፣ ለልብ ወጌሻ ሲባል ነው ካዝናው የሚደርቀው። ሥነ ልቡና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከዐሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ ይሰጣል፤ ተማሪው በየዓመቱ ይመረቃል፤ ተመርቆም ሥራ ይፈልጋል።

ቀላል ነው ግን አልልም። አንደኛ ነገር፣ ሰውየው ቡድን ከሚመርጠው አሠልጣኝ እጅ ውጭ መሆን አለበት። ሯጭ ፍርሃቱን ስሙን ሊሰርዝ ለሚችል ሰው አይነግርም፤ ብልጥ ነዋ። የተነገረውም ቃል እዚያው መቅረት አለበት፤ እንደ ንስሐ። ቋንቋም አለ። ከአርሲ የመጣች የ16 ዓመት ልጅ የምትጨነቀው በኦሮምኛ ነው፤ የማይጨው ልጅ በትግርኛ። "እንዴት ነሽ?" ቢሏት በተሰባበረ አማርኛ "ደህና" ትላለች፤ ደህና መሆኗ አይደለም፤ ሌላውን ቃል በአማርኛ አለማወቋ ነው። እኛ የምንጽፈው ደግሞ ቢያንስ ሯጩን ሳናናግር ስለ ልቡ ከመጻፍ እንታቀብ። ይህ ሳንቲም አያስወጣም።

በዚያው በፓሪስ፣ ለሜቻ በወደቀ በሦስተኛው ቀን፣ ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ፣ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን፣ አሸነፈ። ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ነው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀር የተተካው። ይሮጥ አይሮጥ ሳያውቅ እንደሚሮጥ ሰው የተዘጋጀ፣ ቆሞ የታጠቀ ሰው። ያቺው ቡና ቤት ነበርኩ፤ ያው ጎልማሳም ነበረ። "ይኸ ነው ወኔ ማለት!" ብሎ ጮኸና ለሁላችን ቢራ ጋበዘ። ጠጣሁለት፤ ምን ላድርግ።

ባለፈው ለበዓል ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ከመናኸሪያው ተቀበለኝ፤ እቤት ሳንደርስ መንገድ ዳር አስቆምኩትና፣ ይህን ጽሑፍ ልጽፍ እንደሆነ ሳልነግረው፣ ያን ጊዜ ማታ ማታ ሲያስመልሰው ምን ይታየው እንደነበር ጠየቅኩት። መሪውን እንደያዘ ብዙ ዝም አለ። "ጫማ" አለኝ። "ከፊቴ ያለው ልጅ ጫማ። ቢጫ ነው። ዓይኔን ስጨፍን እሱ ነበር የሚመጣው።" ለአሠልጣኙ ነግሮት እንደሆነ ጠየቅኩት። "አልጠየቀኝማ" አለ። ቀጥሎም፣ ሳይቆጣ፣ "አንተም አልጠየቅከኝ" አለኝ።

አሮጊት ተሳፋሪ ከነቅርጫቷ መጣችና ወሬያችን ተቋረጠ። እናቴ እንደነገረችኝ አሁንም ማለዳ ማለዳ ይወጣና ይሮጣል፤ ብቻውን፣ ሰዓት ሳይዝ።